ለደህናው ሮኬት የተቀመጠ

ወንድሜ አሥራ አራት ሮኬት ሠርቷል፤ አሥራ አራቱም ራቁታቸውን ናቸው። ነጭ ቀለም ተቀብተው፣ ክንፋቸው ተስተካክሎ፣ አፍንጫቸው ሾሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ተደርድረዋል፤ ግን አንዱም ላይ ቁጥር የለ፣ ኮከብ የለ፣ መስመር የለ። እንግዳ ሲመጣ «እነዚህ ሁሉ ሻማዎች ለምንድን ናቸው?» ይለኛል። እኔም ከማስረዳት «መብራት ሲጠፋ» ብዬ አልፋለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ውዬ ስገባ ስለ ሮኬት የማውራት ጉልበት ከየት ይምጣ?

አሁን ግን ከጀመርኩ አይቀር በወጉ ልንገራችሁ። ሮኬቶቹ በሣጥን የሚመጡ መገጣጠሚያዎች ናቸው። የካርቶን ቱቦ፣ ከስስ እንጨት የሚቆረጥ ክንፍ፣ የፕላስቲክ አፍንጫ፣ መሀረብ የምታህል ፓራሹት። እያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ደግሞ አንድ ወረቀት ሙሉ ስቲከር አለ። ስቲከር አልኩ እንጂ ልጆች ደብተር ላይ የሚለጥፉት ዓይነት አይደለም። ቁጥሩም ኮከቡም የታተመው ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ነገር ላይ ነው። ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ትንሽ ቆይቶ ሥዕሉ ከወረቀቱ ይለቃል፤ ያኔ አንሸራትቶ ሮኬቱ ላይ ማስቀመጥ ነው። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከተቀደደ ተቀደደ፣ አለቀ።

ወንድሜ ታዲያ አሥራ አራት ሮኬት ሲሠራ አንዱንም ወረቀት ውሃ አላስነካም። «ይቺ መለማመጃ ናት» ይላል፣ «ስቲከሩ ለደህናው ይቀመጥ።» ቀጣዩ ሣጥን ሲመጣ እሱም መለማመጃ ይሆናል። ወረቀቶቹን በፎቶ አልበም ውስጥ አስገብቶ፣ አልበሙን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁን መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ሠላሳ ዓመት ኖረ።

እኔም አልፈርድበትም፤ የቤታችን አመል ነው። እናታችን ጠርዛቸው ወርቅማ የሆነ ስድስት ብርጭቆ ነበራት፤ ከነካርቶናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ «ደህና እንግዳ ሲመጣ» እንዳለች ሞተች። ደህናው እንግዳ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። የኔ ደግሞ የዓመት ፈቃድ ነው። የመሥሪያ ቤታችን የሰው ኃይል ሠራተኛ ባየችኝ ቁጥር «አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ፈቃድ ልትቀበሪበት ነው?» ትለኛለች። «ለሚያስፈልግ ጊዜ ነው» እላታለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሚያስፈልግ ጊዜ አልመጣም።

ሥራዬ ሆስፒታል ነው፣ ላብራቶሪ። ሐኪሞቹ ከታማሚ ላይ ቆርጠው የሚልኩትን ቁራጭ ሥጋ ሰም ውስጥ አስቀምጠን፣ ሰሙ ሲደርቅ በማሽን እንልጠዋለን። ልጡ ከመሳሳቱ የተነሳ ትንፋሽ ይወስደዋል፤ ለዚህ ነው ስንሠራ የማናወራው። ከዚያ ለብ ያለ ውሃ ላይ እናንሳፍፈውና ከሥሩ በመስታወት እናነሳዋለን። ለዶክተሩ ማይክሮስኮፕ የሚሄደው ያ ነው። ሥራው ቆሞ ነው፣ አንገት ደፍቶ። እግሬ እንዳበጠ እገባለሁ፣ እንዳበጠ እወጣለሁ። ግን አንድ ነገር በኩራት እናገራለሁ፤ የኔ መስታወት ተበላሽቷል ተብሎ ተመልሶ አያውቅም።

ወንድሜ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር ነው። ሰፈሩ «ቲቸር ሮኬት» ነው የሚለው፤ ድሮ ተማሪዎቹን ይዞ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ሮኬት ያስወነጭፍ ነበር። እኔ አግብቼ ፈታሁ፣ እሱ ጭራሽ አላገባም፤ አሁን የወላጆቻችን ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ እሱ «እቴ» ይለኛል፤ ስንጣላ ደግሞ እሱ «የኔ እመቤት» ይለኛል፣ እኔ «አንተ ሰውዬ» እለዋለሁ።

ዓይኑን ግላኮማ ይዞታል። የግራ ዓይኑ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሆነው። የቀኙ ደግሞ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆኗል፤ ፊት ለፊት ያለውን ያያል፣ ጎኑን አያይም። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሟ አብሬው እንድገባ ጠየቀችኝና ሁለታችንንም አስቀምጣ ነገረችን። «ከዚህ በላይ የማደርገው የለኝም። ሳምንታት ሊሆን ይችላል፣ ወራትም ሊሆን ይችላል። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ አሁን ይዩት።»

ደረጃውን ስንወርድ ክንዱን ይዤ «ምን ማየት ትፈልጋለህ?» አልኩት። እንባዬን ውጬ ነው የጠየቅኩት። ባሕር ይለኛል ብዬ፣ አንድ ከተማ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ቲኬቱን ሁሉ በሐሳቤ ቆርጫለሁ።

«ትልቁን ሮኬት» አለኝ። «ከነስቲከሩ።»

«አንተ ሰውዬ!» አልኩ፣ ደረጃው መሀል ቆሜ። «ሰው ባሕር ይላል! ሰው ተራራ ይላል!»

«ባሕር አይቻለሁ» አለኝ። «ስቲከር የተለጠፈበት ሮኬት ግን ከሣጥን ክዳን ላይ በቀር አላየሁም።»

ትልቁ ሮኬት አሥራ አምስተኛው ነው። ጡረታ የወጣ ዕለት ተማሪዎቹ አዋጥተው የሰጡት ነው፤ ቁመቱ ወገቤ ይደርሳል። እንደ ልማዱ ሣጥኑን ራሱ ለዓመታት ሳይከፍት አስቀምጦት ነበር። ከሣጥኑም የወጣው ወረቀት ከሌሎቹ ጋር አልበሙ ውስጥ ገባ፤ ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ዘጠኝ የሚል የመዳፍ ያህል ረጅም ቀይ ቁጥር፣ አንድ ጥቁር ቀለበትና ለክንፎቹ የሚሆኑ ኮከቦች። ሮኬቱን ባለፈው ዓመት ነው የጀመረው። ሙጫውን በጣቱ እየዳበሰ፣ ክንፉን በአፍንጫው ልክ አስጠግቶ እያየ፣ ቀለሙን ሦስት ጊዜ ቀብቶ ሦስት ጊዜ አሽቶ ጨረሰው። የቀረው ስቲከሩ ነበር። ያ ደግሞ ዓይን ይፈልጋል፣ የማይንቀጠቀጥ እጅም ይፈልጋል፤ ሁለቱም ያሉት እኔ ጋ ነው።

ከሐኪሟ በተመለስን በሁለተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛው ተሰናድቶ ጠበቀኝ። ሮኬቱ በሁለት መጽሐፍ መሀል ተጋድሟል። ጎኑ ንጹሕ ጨርቅ፣ ወረንጦ፣ ትንሽ ብሩሽ፣ ጎድጓዳ ሳህን ውሃ። አልበሙም ከጨርቁ ወጥቶ ተከፍቷል። እሱ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ደህናውን ሹራቡን ለብሶ ተቀምጧል።

«ውሃውን ለብ አድርጌዋለሁ» አለኝ። ጣቴን ነከርኩ፤ ቀዝቅዟል። «ሦስተኛዬ ነው» አለ፣ «ስትዘገዪ ጊዜ እያሞቅኩ።»

ወረቀቱን አነሳሁት። ወይ ጣጣ! ነጭ መሆን የነበረበት ሁሉ ቢጫ ሆኗል፤ ያውም የአሮጌ ጥርስ ቢጫ። ቁጥሮቹ ቀያቸውን አልለቀቁም፣ ዙሪያቸው ያለው ስስ ነገር ግን ነጭ ሮኬት ላይ ሲያርፍ የሻይ እድፍ ነው የሚመስለው።

«ቢጫ ሆኗል» አልኩት።

«በጣም?»

«በጣም። እንዲህ አድርጌ አልለጥፍልህም። መስኮት ላይ ይለጠፍና ፀሐይ ይምታው። ራስህ አይደለህ ያልከኝ፣ ፀሐይ ቢጫውን ይመልሰዋል ብለህ?»

«ብያለሁ። ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ፀሐይ ካለች ሁለት ሳምንት።»

 ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠጋው፣ አራቀው፣ አስጠጋው። «ቢጫውን ብንለጥፈውስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ሠላሳ ዓመት ጠብቀህ እድፍ ልትለጥፍ?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለ። «ደህና ከሆነ ይሻላል።» ተነሳና ሳህኑን ወስዶ ውሃውን ደፋው።

እውነቱን ልናገር? ቢጫነቱ እውነት ነው፤ የተበላሸ ነገር ከእጄ አይወጣም ማለቴም እውነት ነው። ግን የዚያን ዕለት ስልሳ ሁለት ቁራጭ ልጬ ነበር የገባሁት። ወገቤ ተቆርጧል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ ነገር ሌላ ማየት አልፈለግኩም። ቤቴም ገብቼ እንደገና አንገቴን ደፍቼ፣ እንደገና ትንፋሼን ይዤ! ቢጫ ባይሆን ኖሮ ሌላ ምክንያት አላጣም ነበር። ደክሞኝ ነበር፣ በቃ። ዛሬም ድረስ የሚቆጠቁጠኝ እሱ ነው።

ወረቀቱን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ በአራት ቁራጭ ፕላስተር ለጠፍኩት፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ። በማግስቱ ሰማዩ ደፈነ። እንዲህ ዓይነት ደመና ደግሞ አይቼ አላውቅም፤ አይዘንብ፣ አይገለጥ። ጠዋት ስወጣ መስኮቱን አያለሁ፣ ማታ ስገባ መስኮቱን አያለሁ፤ ቢጫው እንደ ቢጫ አለ። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ። ወንድሜ ወንበሩን መስኮቱ ሥር አምጥቶ ቀኑን ሙሉ እዚያ ይውል ጀመር።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?» እለዋለሁ።

«ተረኛ ጠባቂ ነኝ» ይለኛል። «ፀሐይ ስትመጣ የሚቀበላት ሰው ያስፈልጋል።»

በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ ሁሉ እኔን ማናደድ ጀመረ። ማክሰኞ ዕለት ስኒ ሰበረብኝ። ረቡዕ ደግሞ የወንበር እግር መትቶት ሲያነክስ አገኘሁት። «ምናለ ተረጋግተህ ብትቀመጥ!» አልኩት። ሐሙስ ጠዋት ጫማዬን እያሰርኩ፣ እሱ እንደ ልማዱ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ «እቴ፣ ዛሬ ፀሐይ አለች እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ወይስ አንተ መስኮቱ ሥር የተቀመጥከው?» ብዬ ጮህኩበት። «ጋሼ፣ በናትህ፣ በጠዋቱ አታድርቀኝ!»

«ሞቀኝ መሰለኝ እኮ» አለ። ቀና ብዬ ሳይ ደመናው ትንሽ ሳስቶ ነበር። ቦርሳዬን አንስቼ፣ አውቶብስ እንዳያመልጠኝ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ፀሐይዋ የወጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስትወጣ ደግሞ አወጣጧ ልክ እንደተቆጣ ሰው ነው፤ አምስት ቀን ሙሉ አናት ትበሳ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ሳየው ቢጫው ለቋል ማለት ይቻላል። ደስ አለኝ። ድካሜንም ረሳሁት። «ጋሼ፣ ነጣልህ!» ብዬ ጮህኩ። እሱም «ተመስገን» አለ፣ ፊቱን ወደ ድምፄ አዙሮ።

ፕላስተሮቹን ቀስ ብዬ አነሳኋቸው። ሦስቱ በሰላም ለቀቁ። አራተኛው፣ በቀኝ በኩል የታችኛው ጥግ ላይ የነበረው፣ በፀሐዩ ደርቆ ሙጫው ወረቀቱን ይዞታል። ስስበው ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ዘጠኙ ላይ ሄደ። ሰው ሞኝ ነው እኮ! ሠላሳ አንድ ዓመት ስስ ነገር ይዤ የኖርኩ ሴት ቁጥሩ ጫፍ ላይ ፕላስተር እለጥፋለሁ? የላብራቶሪ ጀማሪ ቢያደርገው አንድ ሳምንት ሙሉ ነበር የምጨቀጭቀው።

ያረጀ ስቲከር ውሃ ሲነካ ይበታተናል። ስለዚህ መጀመሪያ ከጥጉ አንዲት የማታስፈልግ ፊደል ቆርጬ ውሃ ውስጥ ጣልኳት፤ ብትንትኗ ወጣ። ይሄን ስለፈራሁ ቫርኒሽ ገዝቼ ነበር። ወረቀቱን ከላይ ሁለት ጊዜ ቀባሁት፣ እንዲያያዝ። የወንድሜ ምክር ደግሞ ሦስተኛ ነበር፤ «ጨምሪበት፣ አትሰስቺ» አለኝ። ጨመርኩ። አንድ ቀን አደረ።

እሑድ ከሰዓት ጠረጴዛውን እኔ አሰናዳሁ። ውሃውንም እኔ ለብ አደረግኩ። እሱን «አንተ አትምጣ፣ ሲያልቅ እጠራሃለሁ» ብዬ ሳሎን አስቀመጥኩት። ሰው አጠገቤ ሲተነፍስ መሥራት አልችልም፤ የላብራቶሪ አመል ነው።

እያንዳንዱን ቁጥር ጠርዙን ተከትዬ በምላጭ ቆረጥኩ። ሰባትን ነከርኩ፤ ቆየሁ፤ ለቀቀች። አንሸራትቼ ቱቦው ላይ አስቀመጥኳት፣ በብሩሽ ውሃውን አስወጣሁ፣ በጨርቅ ነካ ነካ አደረግኩ። ቁጭ አለች። ሁለትም ተከተለች። ዜሮ ውሃው ውስጥ እንዳለች ሦስት ቦታ ተሰበረች። ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ያነሳ ነበር፤ እኔ ግን የተቀደደ ልጥ ስሰበስብ ነው ያረጀሁት። ከሥራ ያመጣሁትን መስታወት ከሥሯ አስገብቼ ቁራጮቹን አንድ በአንድ አነሳኋቸው፣ ሮኬቱ ላይ መልሼ ገጠምኳቸው። ስብራቱ ካልተነገራችሁ አታዩትም። ብቻዬን ሳቅሁ። ጥቁሩ ቀለበትና ኮከቦቹም ያለ ችግር ገቡ።

ዘጠኝን መጨረሻ ላይ ነበር ያስቀረሁት። ነከርኳት። በስንጥቁ በኩል ውሃው ገባና ቫርኒሹ ጭምር ተነሳ። መስታወቱን ከሥሯ ሳስገባ ጅራቷ ለብቻ ሄደ፤ እሱን ልይዝ ስል ራሷ ተበታተነ። ወረንጦ ብል፣ ብሩሽ ብል ዋጋ የለውም። ሳህኑ ሥር የቀረው ቀይ ፍርፋሪ ነው።  

ሰባት፣ ሁለት፣ ዜሮ፣ ከዚያ ባዶ ነጭ። አሁን ይሄን ሰው ምን ብዬ ልጥራው? ደግሞ ያኔ ቢጫውን ለጥፌው ቢሆን ኖሮ ዘጠኟ አለች እኮ! የሰነጠቃት ፕላስተሩ ነው፣ ፕላስተሩን ያመጣው መስኮቱ ነው፣ መስኮቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ወሰንኩ። ስቲከሩን ሳይደርቅ ላለመንካት ሮኬቱን በአፍንጫውና በጭራው ይዤ ሳሎን ገባሁ።

«አለቀ እንዴ?» አለ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር…» ብዬ ሳልጨርስ እጁን ዘረጋ፤ ሰጠሁት። እሱም እንደ እኔ በአፍንጫውና በጭራው ይዞ ወደ መስኮቱ ዞረ። ቀኝ ዓይኑ ፊት አደረገው። አራቀው፣ አስጠጋው። ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ተመለከተው። ፈገግ አለ።

«ሰባት» አለ። «ሁለት። ዜሮ። ዘጠኝ።» ቀጠለና «የዘጠኟ ጅራት እንዴት ያምራል! ቀጥ አድርገሽ ነው ያስቀመጥሻት። እጅሽ ይባረክ እቴ፣ ነጭ እኮ ነው፣ ምንም ቢጫ የለውም» አለኝ።

 ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዘጠኝ የለችም። ውሃ ውስጥ ተበታትናብኛለች። ቦታዋ ባዶ ነው።»

ሮኬቱን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ላይ የነበረው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ ምን እንደሚያደርግበት ያላወቀ ይመስል ትንሽ ቆየበት።

«ማክሰኞ» አለ።

«ባለፈው ማክሰኞ?»

«ከዚያ በፊት ያለው። ስኒውን የሰበርኩ ዕለት። ጠዋት ነበር፣ ከሰዓት የለም።»

«ለምን አልነገርከኝም!» ብዬ ጮህኩ። መቼም ጎረቤት ሰምቷል። «አንተ ሰውዬ፣ ለምንድን ነው የማትነግረኝ? ማክሰኞ ጠዋት ብትለኝ እኮ፣ ሰኞ ብትለኝ እኮ፣ ቢጫውን ለጥፌልህ…»

«ፀሐይ እየጠበቅሽ ነበራ» አለኝ። «ከሥራ ስትገቢ መጀመሪያ መስኮቱ ጋ ነው የምትሄጂው። ቦርሳሽን እንኳ ሳታስቀምጪ፣ በዚያ እግርሽ። እሰማሽ ነበር። ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ከዚያ በኋላ አለቀስኩ። ላብራቶሪ ውስጥም፣ ቀብር ላይም አልቅሼ እንደማላውቀው ሆኜ፣ በአፍንጫዬም በአፌም አለቀስኩ። «ደክሞኝ ነበር» አልኩት። «ያን ዕለት ቢጫ ስለሆነ አይደለም ጋሼ፣ ደክሞኝ ነበር። ውሃውን ሦስት ጊዜ አሙቀህ።»

«አውቃለሁ» አለ። «እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ምን ደክሞኝ ነበር?»

ሮኬቱን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ጣቱን ቱቦው ላይ አስኬደ። ሦስት ጊዜ የተቀባው ቫርኒሽ ወፍራም ስለሆነ የቁጥሮቹ ጠርዝ በጣት ይታወቃል። ሰባቷ ጥግ ላይ ቆም አለ፣ ሁለቷ ወገብ ላይ ዞረ፣ ዜሮዋን ከበባት። «እዚህ ጋ ተሰብራ ነበር» አለኝ፤ ልክ ነው። ከዚያ ጣቱ ባዶው ላይ ደረሰ፤ ለስላሳ፣ ሦስት ጊዜ የታሸ ነጭ። እዚያ ላይ ብዙ ቆየ።

«ሌሎቹ ወረቀቶች አሉ አይደል?» አለ በመጨረሻ።

«አሥራ አራቱም አሉ።»

«ለጥፊያቸው።»

«ላንተ ካልታዩህ ለማን ነው የምለጥፈው?»

«አንቺ ታያለሽ አይደል?» አለኝ። «ሠላሳ ዓመት ሻማ እያልሽ አሳለፍሻቸው እኮ።»

ሰኞ ጠዋት ክፍል ኃላፊያችን ጋ ደወልኩ። «ፈቃድ ፈልጌ ነው።»

«ታመምሽ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ሰው ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተም። ስቲከር ልለጥፍ ነው።»

 ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ ፈቃድ የጠየቅኳት ያን ቀን ብቻ ነው። «ስንት ቀን?» አለችኝ።

«ስንት አለኝ?» አልኳት።

ሮኬቶቹን ከቁም ሣጥኑ አውርጄ አቧራቸውን ጠረግኩ። ወረቀቶቹን ሁሉ ቫርኒሽ ቀብቼ ሳደርቅ ሰኞ አለቀ። ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ጀመርን። ሳህን ሲያንሰኝ የእናታችንን ካርቶን ከፍቼ ባለ ወርቅ ጠርዞቹን ብርጭቆዎች አወጣሁ፤ ስድስቱንም ለብ ያለ ውሃ ሞላኋቸው፤ በየብርጭቆው አንድ አንድ ኮከብ፣ አንድ አንድ ቁጥር ጣልኩ። እሱ አጠገቤ ተቀምጧል። ይተንፍስ አልኩ።

የሚገርማችሁ፣ የትኛው ስቲከር የትኛው ሮኬት ላይ፣ የት ቦታ፣ ከክንፉ በምን ያህል ርቀት እንደሚገባ ሁሉንም በቃሉ ያውቃል። ሣጥኖቹ ከተጣሉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ክዳናቸው ላይ የነበረው ሥዕል ግን እሱ ጋ አለ። «ሦስተኛዋ፣ አጭሯ፣ ባለ አራት ክንፏ» ይላል። «ሁለት ጥቁር ቀለበት ነው ያላት፤ የታችኛው ወፈር ይላል።» እኔ እለጥፋለሁ። አንዳንዱ ይሰበራል፣ አንዳንዱ ይጣመማል። «ተጣመመ» እለዋለሁ። «ወዴት?» ይለኛል። «ወደ ግራ።» «ነፋስ ነው በይው» ይላል።

ስድስተኛዋ ላይ ስንደርስ ወረቀቷን ብርጭቆው ውስጥ ሳልነክራት ወደ መስኮቱ አዙሬ አየኋት። ከሁሉም የባሰች እሷ ነበረች። ውጭ ፀሐይ አለች፤ መስኮቱ ላይ የድሮው ፕላስተር ሙጫ አራት ቦታ ምልክቱ አለ።

«ጋሼ» አልኩት።

«አቤት።»

«ይቺኛዋስ ጉዷ ፈልቷል።»

«ቢጫ ናት?»

«እንደ ጉድ ነው ቢጫ የሆነችው።»

እጁን ጠረጴዛው ላይ እየዳበሰ ብርጭቆውን አገኘና ጣቱን ነክሮ ውሃው አለመቀዝቀዙን አየ።

«ለጥፊያት» አለኝ።